«አብራሩ» የሚል ጥያቄ ስታርሙ ጥያቄ በጥያቄ ሂዱ

ለ7ኛና 8ኛ ክፍል የማኅበራዊ ሳይንስ መምህራን፦ 60 ወረቀት ሲታረም መጀመሪያ 7 ያገኘ መልስ መጨረሻ ላይ 5 ሆኖ ይገኛል። አንዱን ወረቀት ጨርሶ ወደ ሌላው መሄድ ይቅርባችሁ። የሁሉንም ተማሪ 1ኛ ጥያቄ አርሙ፣ ክምሩን በውዙት፣ ከዚያ 2ኛውን ጀምሩ። አንድ ልጅ 1ኛውን አሳምሮ ስለሠራ 2ኛው ላይ ሳይታወቃችሁ አትራሩለትም፤ ድካማችሁም ሁልጊዜ በመጨረሻዎቹ ልጆች ላይ ብቻ አያርፍም።

ከ10 ነጥብ 2 ለቀጥተኛ መልሱ፣ 4 ለማስረጃ፣ 4 ለምክንያቱ መድቡ፤ ክፍፍሉንም ከፈተናው በፊት ሰሌዳ ላይ ጻፉላቸው። ለምሳሌ «የዓድዋ ጦርነት መነሻ ምንድን ነው?» ለሚለው «የ1881ዱ የውጫሌ ውል አንቀጽ 17» ብሎ ያቆመ 6 ያገኛል (2 ለመልሱ፣ 4 ለማስረጃው)። የአማርኛው ቅጂ ምኒልክ ከውጭ መንግሥታት ጋር በጣልያን በኩል መገናኘት «ይችላሉ» ሲል የጣልያንኛው ግን ግዴታ ማድረጉን፣ ይህም እንዴት ወደ ጦርነት እንዳመራ የገለጸ ቀሪውን 4 ይወስዳል። አብዛኛው ልጅ ነጥብ የሚጥለው እዚህ ጋ ነው፤ «ቲቸር ለምን ቀነሱብኝ?» ሲል የምታሳዩትም ይህንኑ ነው።

የመጀመሪያዎቹን 5 ወረቀቶች በእርሳስ አርሙና መጨረሻ ላይ ተመለሱባቸው። «ሀ»ን በ«ሐ» ለተካ ግን አትቀንሱ፣ ፈተናው የአማርኛ አይደለም።

ለምርጫና ለአዛምድ ይህ ዘዴ ወረቀት ማገላበጥ ብቻ ነው።