ጣሪያው የሚታጠፍ አሮጌ ቮልስ ገዝቶ ለማደስ ከመወሰን በፊት

በደብረ ማርቆስም ሆነ በባሕር ዳር አሮጌ መኪና ሊያይ የሚሄድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው ሞተሩ ይነሣል ወይ ብሎ ነው። ጣሪያው ለሚታጠፍ ቮልስ ግን ይህ ጥያቄ ወደ ኋላ መቆየት አለበት። የቮልስ ሞተር አራት ማሠሪያ ተፈትቶ የሚወርድ፣ ከሌላ ቮልስ ተወስዶ ሊገጠም የሚችልና የሚያውቀው ሜካኒክ የማይጠፋለት ሲሆን፣ ታጣፊው ጣሪያና ጣሪያውን የሚሸከመው አካል ግን በአገር ውስጥ ምትክ የሚገኝላቸው አይደሉም። በእኔ አመለካከት ገዢው ገንዘቡን የሚከፍለው ለላሜራውና ለጣሪያው ነው፤ ሞተሩ ምርቃት ነው።

መጀመሪያ መረጋገጥ ያለበት መኪናው ከፋብሪካ ጀምሮ ታጣፊ ጣሪያ የነበረው መሆኑ ነው። ባለ ታጣፊ ጣሪያውን ቮልስ እ.ኤ.አ. ከ1949 እስከ 1980 ድረስ የሠራው በጀርመን ኦስናብሩክ ከተማ የነበረው የካርማን ፋብሪካ ሲሆን፣ የተመረተውም 330,000 ያህል ብቻ ነው፤ በጠቅላላው ከ21 ሚሊዮን በላይ ቮልስ መሠራቱን ላሰበ ሰው፣ ጣሪያው በጋራዥ ተቆርጦ የተነሣለት ተራ ቮልስ የሚያጋጥመው ለምን እንደሆነ ግልጽ ነው። መለየቱ አስቸጋሪ አይደለም። የኋላው ወንበር ሲነሣ በወለሉ መሃል ከፊት ወደ ኋላ በሚያልፈው ጉብታ ላይ የሻንሲ ቁጥሩ ተመትቶ ይገኛል፤ እ.ኤ.አ. ከ1965 ሞዴል ወዲህ በተሠሩት ላይ ቁጥሩ በ15 ከጀመረ መኪናው የካርማን ሥራ ነው፣ በ11 ከጀመረ ግን የተወለደው ዝግ ሆኖ ነው። በ11 የሚጀምረውን ክፍት መኪና፣ ሻጩ የቱንም ያህል ቢያረክሰው፣ ለመግዛት አልመክርም።

ምክንያቱም በዝግ ቮልስ ላይ ጣሪያው ከዝናብ መከለያነቱ ባሻገር አካሉን ከፊትና ከኋላ ወጥሮ የሚይዝ ነው። ካርማን ጣሪያውን ሲያስቀር ከበሮቹ ደፍ ሥርና ከመስተዋቱ ግራና ቀኝ ተጨማሪ ብረት በየደ፤ መጋዝ ይዞ ጣሪያ የቆረጠ ባለጋራዥ ግን ይህን ሁሉ ላያደርግ ይችላል። እውነተኛውም ቢሆን ደፉ በዝገት ከተበላ መሃሉ ይሰምጣል። መስመጡን ለማወቅ በሩን ዘግቶ ከበሩ ጀርባ ያለውን ክፍተት ከላይ እስከ ታች ማስተዋል ነው፤ ከላይ ጠቦ ከታች የሰፋ ከሆነ አካሉ ወርዷል። ከዚያም በሩ ተከፍቶ እያለ መኪናውን በክሪክ ከጎኑ ትንሽ ከፍ አድርጎ በሩን መልሶ መዝጋት ይገባል። ቀድሞ ይዘጋ የነበረ በር አሁን እንቢ ካለ፣ የሚጠብቀው ሥራ ቀለም መቀባት ሳይሆን አካሉን ደግፎ፣ ደፉን ቆርጦ እንደ አዲስ መበየድ ነው።

በቮልስ ላይ ደፉ ባዶ ሣጥን ሆኖ የሞተሩን ሙቀት ወደ ፊት የሚያሳልፍ ቧንቧም ስለሆነ የሚዝገው ከውስጥ ወደ ውጭ ነው፤ በዓይን የታየ ዝገት ቀድሞ ብዙ በልቶ የወጣ ነው። በካቻቢቴ ጫፍ ጫን ብሎ መሞከር፣ ማግኔትንም በስስ ጨርቅ ጠቅልሎ በደፉና በፈረፋንጎው (ጎማውን በሚከልለው ላሜራ) ላይ ማሳለፍ ያስፈልጋል፤ ማግኔቱ የማይዝበት ቦታ ከቀለሙ ሥር ያለው ስቱኮ፣ ማለትም ቀዳዳ መድፈኛ ልጥፍ ነው። ባትሪው የሚቀመጠው ከኋላ ወንበር በታች በቀኝ በኩል በመሆኑ የሚንጠባጠበው አሲድ እዚያ ያለውን ወለል ይበላዋልና ያንንም ምንጣፉን ገልጦ ማየት ተገቢ ነው። በእኛ አገር መንገድ ላይ ጨው የሚበትን የለምና አሮጌ መኪኖቻችን ከአውሮፓዎቹ የተሻሉ ናቸው ይባላል፤ እውነትነት አለው። ሆኖም ይህ በየዓመቱ ክረምቱን ሙሉ በሣር ላይ፣ ሸራው ተቀዶ፣ ውኃ ወለሉ ላይ እየተኛ በቆመ መኪና ላይ አይሠራም፤ ጎጃም ግቢ ውስጥ የሚገኘው ደግሞ ብዙውን ጊዜ እንዲህ ያለው ነው።

ወደ ጣሪያው ስንመጣ ሸራውን ከአጽሙ ለይቶ መመልከት ይገባል። ሸራው መቀደዱና ፀሐይ ማድረቁ አያስደነግጥም፣ ጎበዝ የመኪና ልብስ ሰፊ አሮጌውን ፈትቶ በልኩ ሊሰፋው ይችላልና፤ ተሰፍቶ የተዘጋጀም በውጭ አገር ይሸጣል። የሚያሳስበው የሚታጠፈው የብረት አጽምና ሸራው በምስማር የሚመታበት እንጨት ነው። ጣሪያውን ራስዎ አውጥተውና አጥፈው ይሞክሩ፤ ሻጩ «ዝጎ ይዞ ነው እንጂ ሙሉ ነው» ካለም እስኪከፈት ድረስ ዋጋ አይነጋገሩ። ማጠፊያው የተሰበረ፣ ሸራውን ከሚወጥሩት የብረት ቀስቶች አንዱ የጎደለው ወይም የመስኮት መስተዋት ማንሻው የጠፋበት ከሆነ ያንን ዕቃ ከዝግ ቮልስ አውጥቶ መተካት አይቻልም። በዚህ ምክንያት ሞተሩ የሞተ ነገር ግን ጣሪያው ሙሉ የሆነውን፣ እየተነዳ ከሚመጣው አጽም አልባ አስበልጬ እመርጣለሁ።

ለሞተሩ ሁለት ሙከራ ይበቃዋል። ሞተሩ ጠፍቶ እያለ የታችኛውን ፑሌጃ (ቺንጋው የሚጠመጠምበትን ክብ ብረት) ይዞ ወደ ፊትና ወደ ኋላ መግፋት፤ ኳ የሚል ድምፅ ከተሰማ የሞተሩ ዘንግ የሚዞርበት ብሮንዚና አልቋል። ቀጥሎ በአራቱም ፒስተኖች ላይ ኮምፕሬሽን፣ ማለትም ፒስተኑ አየሩን የሚያምቅበትን ኃይል ማስለካት ነው፤ ነገር ግን በመኪናው የጥገና መጽሐፍ ላይ የተጻፈው ልክ የባሕር ጠለል ልክ ስለሆነ፣ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው ደብረ ማርቆስ ደኅናው ሞተር እንኳ ሩብ ያህል ቀንሶ ያሳያል። ስለሆነም መታየት ያለበት የአራቱ መቀራረብ ነው።

ላሜራውና ጣሪያው አጥጋቢ ሆነው ቢገኙም ሊብሬው ካልተስተካከለ ግዢው እዚያው ይቁም። በሊብሬው ላይ ያሉት የሻንሲና የሞተር ቁጥሮች በመኪናው ላይ ከተመቱት ጋር አንድ መሆናቸውን፣ ዕዳና እገዳ አለመኖሩን በመንገድ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤቱ ማጣራት ይገባል። ለብዙ ዓመት የቆመ መኪና ብዙ ጊዜ በሟች ስም ነው የሚገኘው፤ እንዲህ ከሆነ የፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ሳይወጣና ወራሾቹ ሁሉ ሳይፈርሙ ቀብድ መክፈል አይገባም፤ ግቢውን የያዘው ልጅ ብቻውን የሚሸጠው መኪና ነገ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ወንድም ሊያነሣበት የሚችል ክርክር አለበት።

ወጪውን በአንድ ሰው ግምት መወሰን ያሳስታል። ባትላሜራው፣ ልብስ ሰፊውና ሜካኒኩ ለየብቻ መጥተው እንዲያዩና ግምታቸውን በጽሑፍ እንዲሰጡ ማድረግ፣ በድምሩም ላይ ሢሶ ያህል መጨመር እኔ የምከተለው ልማድ ነው፤ ቀለም ሲቧጠጥ የሚገኘውን ቀዳዳ አስቀድሞ የሚያይ የለምና። ዕቃ ለመገንጠል ሌላ ቮልስ ከውጭ አስመጣለሁ የሚል ሐሳብ ካለ መተው ይሻላል፤ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ የጣለው ታክስ ከባድ ነው፣ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ መንግሥት የቤንዚን የቤት መኪና እንዳይገባ ወስኗል። የሚቀረው የአዲስ አበባው ሶማሌ ተራና በየክፍለ ሀገሩ የቆመ ቮልስ ነው። ገንዘቡን በብድር ለማግኘት የሚያስብም አይጠፋም፤ ለመዝናኛ በሚሆን መኪና ይህን ማድረግ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የሚባለው ነው። የሚሠራበት ደረቅ መጠለያ የሌለው ሰው ደግሞ ከጥቅምት በፊት ባይገዛ ይመረጣል፤ በግንቦት የተገዛና የተፈታታ መኪና ዝናቡን የሚቀበለው ባዶ ላሜራውን ነው።

የሚፈለገው ክፍት መኪና ሆኖ ቮልስነቱ ግድ ካልሆነ፣ ሸራ ለባሹ አሮጌ ላንድሮቨር ይበልጥ ያዋጣል። አካሉ ከአሉሚኒየም ቅይጥ የተሠራ ነው፣ ሸራውም በቀላል የብረት ቀስቶች ላይ የሚወጠር ስለሆነ ድንኳን የሚሰፋ ሰው ሁሉ ይሠራዋል፤ ምርመራው በብረት ሻንሲውና ከሞተሩ ጀርባ ባለው የብረት ግድግዳ ላይ ያተኩር።

ወደ ጎጃም የሚመጣው መኪና የተገኘው አዲስ አበባ ከሆነ፣ በዋጋው ላይ የአይሱዙ ጭነት አብሮ ይታሰብ። ፍሬኑ ያልታደሰ ቮልስ ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል መውረድ የለበትም፤ ወደ ደጀን የሚያወጣው ዳገትም በአየር ለሚቀዘቅዝ ሞተር ፈተና ነው፤ የማቀዝቀዣውን ማራገቢያ የሚያዞረው አንድ ቺንጋ ከተበጠሰ ሞተሩ በደቂቃዎች ውስጥ ይቃጠላል። ሻጩ «ነድተኸው ትሄዳለህ» ቢልም እንኳ የጭነቱን ኪራይ ከጠየቀው ዋጋ ላይ እንዲቀንስ መደራደር ይቻላል።