የወር አበባ ቁርጠት ያለባት ልጅ፦ ኪኒኑ መቼ፣ ስንት፣ እንዴት

ልጅ በየወሩ በቁርጠት ስትታጠፍ ያየ ወላጅ ቶሎ የሚያስበው «ሆርሞኗ ተዛብቶ ይሆን?» ብሎ ነው። አብዛኛውን ጊዜ አልተዛባም። ቁርጠቱ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው የመጀመሪያው የወር አበባ ከታየ ከ6 ወር እስከ 2 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ፣ እንቁላል በየወሩ መውጣት ሲጀምር ነው።

የወር አበባ ሊመጣ ሲል ፕሮጄስትሮን የተባለው ሆርሞን ይወርዳል። የማህፀን ውስጠኛው ሽፋን ያኔ ፕሮስታግላንዲን የተባለ ንጥረ ነገር ያመርታል። ማህፀንን አጥብቆ የሚያኮማትረው እሱ ነው፤ ማቅለሽለሹና ተቅማጡም ከእሱ ይመጣል።

የሕመም ማስታገሻው ኢቡፕሮፌን አዲስ ፕሮስታግላንዲን እንዳይመረት ያግዳል፤ የተመረተውን ግን አያጠፋም። ልጅቷ እስክታለቅስ ተጠብቆ አንድ ኪኒን ተሰጥቷት «አልሠራላትም» የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው። ወገቧን ሲከብዳት ወይም የመጀመሪያው ደም እንደታየ ትጀምር፤ ቀኑ የማይዛነፍ ከሆነ ደግሞ አንድ ቀን ቀደም ብላ። ዕድሜዋ ከ12 ዓመት፣ ክብደቷም ከ40 ኪሎ በላይ ከሆነ 400 ሚሊግራም በየ8 ሰዓቱ፣ ለ2 ወይም 3 ቀን ትወስዳለች። ያለ ሐኪም ትእዛዝ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ1200 ሚሊግራም አይለፍ። ጾም ላይ ብትሆንም በባዶ ሆድ አይሰጣት፤ እንጀራም ሆነ ዳቦ ትቅመስና በውሃ ትዋጠው።

ቤት ውስጥ ዲክሎፌናክ የተባለው ሌላ ማስታገሻ ካለ ሁለቱን አትደርቡ፤ ሥራቸው አንድ ስለሆነ ማስታገሱን ሳይሆን የጨጓራ ጉዳቱን ነው የምትጨምሩት። የጨጓራ ቁስለት፣ የኩላሊት ችግር፣ ማስታገሻ የሚያስነሳው አስም ወይም እርግዝና የመኖር ዕድል ካለ ግን መጀመሪያ ሐኪም ይጠየቅ። እነዚህ ካሉ ፓራሲታሞል ይሻላል፤ ለቁርጠት ያለው ጉልበት ግን አነስ ይላል።

ሙቀት በእርግጥ ይረዳል። የሙቅ ውሃ መያዣ ከሌለ በሃይላንድ ጠርሙስ ሙቅ ውሃ ሞልታችሁ በፎጣ ጠቅልሉና ከእምብርቷ በታች ታድርገው። የፈላ ውሃ ፕላስቲኩን ያጣምመዋል፣ ክዳኑ ከለቀቀም ያቃጥላታል፤ ስለዚህ እጅ የሚችለው ሙቀት ይሁን።

የሆርሞን ምርመራ ለቁርጠት ብቻ ተብሎ አይታዘዝም። ኤስትሮጅንና ፕሮጄስትሮን በዑደቱ ውስጥ ከቀን ቀን ስለሚለዋወጡ፣ የዑደቱ ቀን ያልተጻፈበት ውጤት ከማስጨነቅ አያልፍም። ምርመራው ትርጉም የሚኖረው እስከ 15 ዓመቷ የወር አበባ ካልመጣ፣ ሲመጣ ቆይቶ ከ3 ወር በላይ ከጠፋ፣ ወይም ፊቷ ላይ ጠጉር ከበዛ ነው።

በትክክል የተወሰደ ኪኒን በ3 ዑደት ካልረዳ፣ ሕመሙ ከመጀመሪያው የወር አበባ ጀምሮ የበረታ ከሆነ፣ ከወር አበባ ውጭም ካመማት፣ ወይም ሞዴሷ በ1 ወይም 2 ሰዓት ውስጥ ከራሰ ወደ ማህፀን ሐኪም ውሰዷት። በየወሩ ሆዷን እያመማት ደም ጨርሶ የማይታይ ከሆነ መውጫው ተዘግቶ ሊሆን ስለሚችል አትዘግዩ። የብልትን መክፈቻ በሚያጠብ ግርዛት ያለፉ ልጆችም ደሙ በቀላሉ ስለማይወርድ ቁርጠቱ ይጸናባቸዋል፤ ይህንን ለሐኪሙ ሳያፍሩ መንገር ያስፈልጋል።

ሐኪሙ ኢንዶሜትሪዮሲስን፣ ማለትም የማህፀንን ሽፋን የሚመስል ሥጋ ከማህፀን ውጭ የሚበቅልበትን በሽታ፣ ሊጠረጥር ይችላል፤ አልትራሳውንድ ንጹሕ መሆኑ ብቻውን በሽታው የለም አያሰኝም። የሆርሞን ኪኒን ለ3 እስከ 6 ወር ካዘዘላት ደግሞ፣ የማህፀኑ ሽፋን እንዲሳሳ አድርጎ ፕሮስታግላንዲኑን ለመቀነስ ነው። «መካን ያደርጋታል» ብለው የሚያስቀሩባት ቤተሰቦች አሉ፤ እውነት አይደለም። ስታቆመው እንቁላል መውጣቱ ይመለሳል።