ሐረጎ ላይ ብቻ የምትታመም መኪና፦ መጥቶ የሚሄድ የኤሌክትሪክ ችግር ሲያጋጥም ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የኔ ኮሮላ ኮምቦልቻ ውስጥ ምንም አይላትም ነበር። ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን ዳገት መውጣት ስንጀምር ግን የዳሽቦርዱ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል፣ ሬዲዮው ይጠፋል፣ አንዳንዴ ሞተሩም ቀጥ ሊል ይደርሳል። ደሴ ጋራዥ ስንገባ ደግሞ ጤነኛ! መካኒኩ ቢያስነሳት ቢያጠፋት ምንም የለም።

ሳይለኩ ዕቃ መቀየር። እኔ መጀመሪያ ባትሪ ቀየርኩ፣ ቀጥሎ ዲናሞ። ችግሩ ከቦታው ንቅንቅ አላለም። በአብዛኛው መኪና ላይ ሞተሩ ጠፍቶ ካደረ በኋላ ባትሪው ላይ ቴስተሩ (የቮልት መለኪያው) 12.6 ቮልት አካባቢ ካሳየ ባትሪው ሙሉ ነው። ሞተሩ ተነስቶ ከ13.8 እስከ 14.5 ካሳየ ዲናሞው እየሞላ ነው። ለዚህ ሁለት ደቂቃ ይበቃ ነበር። እኔ ግን ሁለት ደቂቃ ቆጥቤ የሁለት ዕቃ ገንዘብ አወጣሁ።

ለመካኒኩ "አንዳንዴ ይጠፋል" ብቻ ማለት። መቼ? በደሴ ብርድ ጠዋት ሲያስነሱ ነው ወይስ ኮምቦልቻ ወርደው ሞተሩ ሲግል? ከዝናብ ወይም ከላቫጆ በኋላ ከሆነ ውሃ የገባበት ሶኬት ይፈለጋል። ሲግል ብቻ ከሆነ ሪሌ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ) ይጠረጠራል። ጉድጓድ ሲመታ ከሆነ የላላ ነገር አለ። ስልክዎ ላይ ይጻፉት፤ ጋራዥ ሲደርሱ ይረሳል።

ቆማ ብቻ መመርመር። የኔ ችግር የተገኘው ኤሌክትሪሺያኑ አብሮኝ ሐረጎን ከወጣ በኋላ ነው። ሞተሩን ከቦዲው ጋር የሚያገናኘው የማሳ (ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመለስበት) ገመድ ብሎኑ ላልቶ ነበር። ዳገት ላይ ሞተሩ ሲጫን ዘንበል ይልና ገመዱን ይስበዋል፤ ሜዳ ላይ መልሶ ይገጥማል። አብሮ መሄድ ካልተቻለ ሞተሩን አስነስቶ ሽቦዎቹንና ሶኬቶቹን አንድ በአንድ መነቅነቅ ይቻላል። እጅዎን ከማራገቢያውና ከሚዞር ነገር ሁሉ ያርቁ።

"12 ቮልት አለው" ሲባል ማመን። ይሄ ብዙ ባለሙያም ይሸውዳል። ውስጡ ተበጣጥሶ አንድ ክር ብቻ የቀረው ሽቦ ሥራ ሳይኖርበት ቴስተር ላይ 12 ቮልት ያሳያል። መብራት ወይም ሞተሪኖ (የሞተር ማስነሻው) ኤሌክትሪክ ሲስብበት ግን ቮልቱ ይወድቃል። ስለዚህ ሥራ ላይ እያለ ይለካ። ሰው ሞተሩን ሲያስነሳ የቴስተሩን አንድ ጫፍ የባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን የሞተሩ ብረት ላይ ያድርጉ። ከ0.2 ቮልት ብዙ ከበለጠ ማሳው ይፈተሽ።

የ10 አምፔር ፊውዝ ሲቃጠል 30 መክተት። አያድርጉት። ፊውዙ ካልተቃጠለ ሽቦው ይቃጠላል፣ ከዚያ መኪናው።

ኮምፒውተር ሳያስነብቡ ባትሪ መንቀል። ብዙ መኪና ላይ የመኪናው ኮምፒውተር የመዘገበው የችግር ኮድ አብሮ ይጠፋል። ከዚያ ችግሩ እስኪመለስ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው።

በናስትሮ የተጠቀለለውን ማለፍ። እጅ ያልነካው መኪና ማግኘት ከባድ ነው። አላርም የተገጠመበት፣ ቴፕ የተቀየረበት ቦታ ሁሉ ሽቦ ተቆርጦ ተቀጥሏል። እኔ ከመግዛቴ በፊት ከተነቀለ ቴፕ የቀረ ሽቦ፣ ጫፉ እንኳ ሳይሸፈን፣ ከዳሽቦርዱ ሥር ተንጠልጥሎ አግኝተናል። ኤሌክትሪክ ነበረው።