ዕድሜ ልክ የወደዱትን ነገር እንዴት ድረ ገጽ ማድረግ ይቻላል?

ሐዋሳ ውስጥ አንድ ነገር ሲወድ የኖረ ሰው ሞልቷል። አንዱ ጠዋት ጠዋት ሐይቁ ዳር ወፍ ያያል። ሌላዋ ከጓሮዋ ችግኝ አትለይም። ሌላው ቤቱን በድሮ ካሴት ሞልቶታል። የሚያሳዝነው ይህ ሁሉ እውቀት ደብተርና ስልክ ውስጥ መቀመጡ ነው። ስልኩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ፌስቡክና ቴሌግራም ጥሩ ናቸው፤ ግን ዛሬ የለጠፉት በሳምንቱ ከሥር ይቀበራል። ድረ ገጽ ላይ የተጻፈውን ደግሞ ከሦስት ዓመት በኋላም የፈለገ ሰው በጉግል ያገኘዋል። ስለዚህ እባክዎ ይሥሩት። ከባድ አይደለም።

መጀመሪያ ርዕሱን ያጥብቡ

ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ጋ ነው። «ስለ ተፈጥሮ» የሚል ድረ ገጽ ማንም አይፈልግም። «የኢትዮጵያ ወፎች» ቢሉም ሰፊ ነው፤ አገራችን ከ800 በላይ የወፍ ዝርያ አላት፣ ባለሙያዎችም ጽፈውበታል። «ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ዙሪያ የማያቸው ወፎች» ካሉ ግን ያ የእርስዎ ነው። ያንን ዳር በየቀኑ የሚያይ ሌላ ማን አለ? የጓሮ አትክልትም ሆነ ካሴት ቢወዱ ያው ነው። «አትክልት» ሳይሆን «በሐዋሳ ሙቀት ጓሮ ውስጥ የበቀለልኝና ያልበቀለልኝ» ይበሉ።

ርዕሱ ይበቃ እንደሆነ መፈተኛ አለ። ወረቀት ይያዙና ማንንም ሳይጠይቁ የአሥር ጽሑፍ ርዕስ ያውጡ። አሥሩ ከመጡልዎ ይጀምሩ። አራት ላይ ካለቀብዎ ትንሽ ያስፉት።

ቀጥሎ ያለዎትን ያሰባስቡ

ኮምፒውተር ገና አይንኩ። ደብተሩን፣ የድሮ ፎቶውን፣ ስልክ ውስጥ ያለውን ሁሉ አንድ ቦታ ያምጡ። የወረቀት ፎቶ ለማንሳት ስካነር የግድ አይደለም። መስኮት አጠገብ ጠረጴዛ ላይ ያኑሩት፣ ፀሐይ በቀጥታ አይምታው፣ ፍላሽ ያጥፉ፣ ስልኩን ከላይ ቀጥ አድርገው ያንሱ። በቃ።

ለእያንዳንዱ ምን እንደሆነ፣ የት እንደሆነ፣ መቼ እንደሆነ፣ ማን እንዳነሳው ይጻፉ። ቀን ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ደብተርዎ በእኛ አቆጣጠር ነው፣ ስልክዎ ግን አብዛኛውን ጊዜ በፈረንጆቹ ይመዘግባል። ሁለቱ ከተቀላቀሉ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ይዛነፋል። ከሁሉም ጎን «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ብለው ያስፍሩ።

ከዚያ ይጻፉ

የድረ ገጹ ነፍስ ይህ ነው። ፎቶ ሁሉም አለው፤ ሰው የሚመጣው እርስዎ የሚያውቁትን ፈልጎ ነው። አባ ኮዳ የሚባለውን ትልቅ ወፍ እንውሰድ። ከፎቶው ሥር «አባ ኮዳ በሐዋሳ» ብሎ መተው ይቻላል። እንዲህ ቢሆንስ?

«አባ ኮዳ፣ አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ፣ ጠዋት። ዓሣ የሚበልቱት ልጆች የሚጥሉትን አንጀት እየጠበቀ ነው። አንገቱ ላይ የተንጠለጠለው ከረጢት ምግብ የሚያጠራቅምበት ይመስላል፤ አይደለም፣ አየር የሚሞላ ከረጢት ነው። እግሩም ነጭ ሆኖ የሚታየው በራሱ ኩስ ስለሚለቀልቀው ነው። በዚያ ሙቀት ይበርድለታል።»

ይህን ያነበበ ሰው በማግስቱ ገበያው ሲሄድ እግሩን ሳያይ አያልፍም። እርስዎም ስለሚወዱት ነገር እንዲህ ዓይነት ብዙ ያውቃሉ። ሰው ሁሉ የሚያውቀው እየመሰለዎት ነው እንጂ።

መጻፍ ካስቸገረዎት ይናገሩት። የጉግል ኪቦርድ በአማርኛ የተናገሩትን ወደ ጽሑፍ ይለውጣል። ማይክሮፎኗን ተጭነው፣ ለልጅዎ እንደሚያስረዱ አድርገው ያውሩ፤ ከዚያ ስህተቱን ያርሙ። በዚህ መንገድ የወጣ ጽሑፍ ብዙ ጊዜ ለዛ አለው።

አሁን ድረ ገጹን ይክፈቱ

ለጀማሪ የምመክረው ጉግል ሳይትስ የሚባለውን የጉግል ድረ ገጽ መሥሪያ ነው። ነፃ ነው፣ የጂሜይል አድራሻ ብቻ ይበቃዋል። ኮምፒውተር ላይ መሥራት ይሻላል፤ ቤትዎ ኮምፒውተር ከሌለ ኢንተርኔት ካፌ ይሂዱ፣ ሲጨርሱ ግን ከአካውንትዎ መውጣትዎን አይርሱ። የመደመር ምልክቷን ተጭነው አዲስ ይክፈቱ፣ ስም ይስጡት፣ ጽሑፉን ይለጥፉ፣ ፎቶውን ያስገቡ፣ «ፐብሊሽ» የሚለውን ይጫኑ። ለመነሻ የመግቢያ ገጽ፣ ሦስት ጽሑፍና «ስለ እኔ» የሚል ገጽ ይበቃል። ዎርድፕረስ የሚባለው ሌላ ድረ ገጽ መሥሪያም ነፃ አማራጭ አለው፤ ነገር ግን ማስታወቂያ ያስገባብዎታል።

የራስ አድራሻ፣ ማለትም ዶት ኮም፣ በዓመት ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 20 ዶላር ያስወጣል። ለመክፈል በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ስለሚፈልግ ጣጣ አለው። ለእሱ ብለው ሥራውን አያቁሙ፤ በነፃው ይጀምሩ።

ሰው እንዲያገኝዎ ደግሞ ስለ አጻጻፍ አንድ ነገር ልበል። አንዱ «ሐዋሳ» ብሎ ይፈልጋል፣ ሌላው «ሀዋሳ»፣ ሌላው «አዋሳ»። ርዕስዎ ላይ በአንዱ ይጽኑ፤ ሌሎቹን በጽሑፉ ውስጥ አንድ አንድ ጊዜ ጣል ያድርጓቸው።

ፎቶ ሲያስገቡ

ከስልክ የወጣ ፎቶ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ሜጋባይት ይመዝናል። አሥሩን አንድ ገጽ ላይ ቢደረድሩ አንባቢው የሞባይል ዳታው ያልቃል፣ ትቶም ይሄዳል። ስፋቱን ወደ 1600 ፒክስል ያውርዱት፤ ከ300 ኪሎባይት በታች ቢሆን ደስ ይላል። ስኩሽ የሚባለው የጉግል መሣሪያ ይህን በነፃ ይሠራል።

ስልክ ፎቶ ውስጥ ያነሱበትን ቦታ ሊመዘግብ ይችላል። ቤትዎ ውስጥ የተነሳ ከሆነ የቦታውን መረጃ ያጥፉት። የወፍ ጎጆም ያው ነው፤ እንቁላል ያለበትን ዛፍ ለዓለም ማሳየት ደግ ሥራ አይደለም። የሰው ፎቶ ከሆነ አስፈቅደው ይለጥፉ። የሌላ ሰው ፎቶ፣ ዜማ ወይም ጽሑፍ ከሆነ ባለቤቱን ይጠይቁ፤ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 የጸሐፊን መብት በሕይወት ዘመኑና ካረፈም በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል። ካሴት ሰብሳቢዎች በተለይ ይህን ልብ ይበሉ። ዘፈኑን ከመጫን ይልቅ የካሴቱን ታሪክ መጻፍ ይሻላል።

«ስለ እኔ» የሚለው ገጽ ላይ ለዚሁ ሥራ ብቻ የከፈቱትን ኢሜይል ያስቀምጡ። ስልክ ቁጥርና የቤት አድራሻ አያስፈልግም።

ሁሉም እስኪያምር አይጠብቁ። በሦስት ጽሑፍ ይክፈቱና በወር አንድ ይጨምሩ። ሊንኩን ለዘመድ፣ ለዕድር ሰው፣ ለቴሌግራም ግሩፕዎ ይላኩ። ስህተት ያገኘ ሰው ሲጽፍልዎ ያርሙ፤ ምስጋናም ይጻፉለት።

የመጨረሻው ሥራ የሚረሳ ነው፤ እኔ ግን አጥብቄ እለምናለሁ። ጉግል ለሁለት ዓመት ያልተነካ አካውንት ሊያጠፋ ይችላል። አካውንትዎ ማስተካከያ ውስጥ፣ ለተወሰኑ ወራት ካልገቡ ፋይሎችዎ ለሚያምኑት ሰው እንዲደርሱ የሚያስመዘግቡበት ቦታ አለ። ከ3 እስከ 18 ወር መምረጥ ይቻላል። የልጅዎን ወይም የወንድምዎን ኢሜይል እዚያ ያስገቡ፣ የጽሑፉንና የፎቶውንም ቅጂ ፍላሽ ላይ ያኑሩላቸው።