የድሮ የብር ማንኪያና ሹካ ላይ ያለውን ማህተም እንዴት እናነባለን? እውነተኛውን ከአስመሳዩ መለያ መንገድ

የድሮ ማንኪያ እጃችሁ ገብቶ ጀርባው ላይ ተደርድረው የተመቱ ትናንሽ ምልክቶች ካያችሁ ቶሎ ብላችሁ "ብር ነው" እንዳትሉ። በ1840 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የእንግሊዞቹ ኤልኪንግተኖች በኤሌክትሪክ ብር የመለበጥን ፓተንት ከያዙ በኋላ ብዙ ፋብሪካዎች የቅብ እቃቸው ላይ ልክ እንደ እውነተኛ ብር በትናንሽ የጋሻ ቅርጽ ክፈፍ ውስጥ ፊደል እየመቱ ሸጠዋል። ስለዚህ ያለውን ምልክት ብቻ ሳይሆን የጎደለውንም ፈልጉ፣ ትልቁ ነገር እሱ ነው።

መጀመሪያ አስር እጥፍ የሚያጎላ ሌንስ፣ ከጎን የሚመጣ መብራትና ለስላሳ ጨርቅ አዘጋጁ። ማህተሙን በሻካራ ነገር አትፈትጉት፣ አንዴ ከተፋቀ አይመለስም! ቦታውንም አስተውሉ፣ እስከ 1780ዎቹ አካባቢ የእንግሊዝ ማንኪያዎች ማህተም እጀታው ላይ ወደ ጎድጓዳው ተጠግቶ ነበር የሚመታው፣ በኋላ ነው ወደ እጀታው ጫፍ የሄደው። ቢላ ላይ እጀታውንና ስለቱን ለየብቻ እዩ፣ እጀታው ብዙ ጊዜ ውስጡ በሙጫ የተሞላ ስስ ብር ስለሆነ ክብደቱ እንዳያታልላችሁ።

ቀጥሎ ምልክቶቹን በስልክ አንሱና አንድ በአንድ ቁጠሩ። የእንግሊዝ ሙሉ ማህተም የሚራመድ አንበሳ (92.5% ብር ማለት ነው፣ ከ1544 ጀምሮ)፣ የከተማ ምልክት፣ የዓመት ፊደል (የተመታበትን ዓመት የሚያመለክት ፊደል) እና የሰሪው ፊደላት አሉት። ለንደን የነብር ራስ ነው፣ በርሚንግሃም መልህቅ፣ ሼፊልድ ደግሞ እስከ 1974 ዘውድ፣ የነዚህ የሁለቱ ከተሞች የብር ምርመራ ቢሮዎች የተከፈቱት በ1773 ነው። ከ1784 እስከ 1890 ደግሞ ግብር መከፈሉን የሚያሳይ የንጉስ ወይም የንግስት ራስ ይጨመር ነበር፣ የዓመት ፊደሉ 1820 እያለ የንጉሱ ራስ ከሌለ ለምን ብላችሁ ጠይቁ። ዘውድ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፣ ለባጮቹም ይመቱት ነበር።

አሁን ጋሻዎቹ ውስጥ ያለውን በደንብ አንብቡ። በአሮጌ የጎቲክ አጻጻፍ ኢ፣ ፒ፣ ኤን፣ ኤስ የሚል ካገኛችሁ በብር የተለበጠ ኒኬል ሲልቨር ነው። ስሙ ሲልቨር ይበል እንጂ ከስሩ ያለው መዳብ፣ ዚንክና ኒኬል ነው፣ ብር የለበትም። ኤ 1 የሚለውም የቅቡ ደረጃ ነው።

ቁጥርም ያሳስታል። 925 እና 800 የብሩን መጠን ይናገራሉ፣ ጀርመን ከ1888 ጀምሮ 800ን ከግማሽ ጨረቃና ከዘውድ ጋር ነው የምትመታው። ሩሲያ ላይ 84 ማለት ከ96 ክፍል 84ቱ ብር ነው። የጀርመን ቅብ ላይ ያለው 90 ግን ለአንድ ደርዘን ማንኪያና ሹካ መለበጫ የዋለው ብር 90 ግራም ነው ማለት ነው፣ ስንት ሰው ይሄንን 90 ፐርሰንት እያለ ይገዛል! ፈረንሳይ ቀላል ነው፣ የሰሪው ምልክት በዳይመንድ ቅርጽ ከሆነ ብር፣ በአራት ማዕዘን ከሆነ ቅብ።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ፣ አስመሳይ ማህተም ሁሉ ቅብ አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ እንደ እንግሊዝ ያለ አገር አቀፍ የምርመራ ቢሮ ስላልነበረ አንጥረኞቹ ንስር፣ ኮከብ፣ የሰው ራስ እየመቱ ይሸጡ ነበር፣ ብሩ ግን ጥሩ ብር ነው። የአሜሪካው ብር ሰሪ ድርጅት የጎርሃም አንበሳ፣ መልህቅና ጂ ፊደልም የበርሚንግሃም ይመስላል እንጂ የድርጅቱ የራሱ ምልክት ነው። የቻይና ካንቶን አንጥረኞችም የእንግሊዙን አንበሳ ገልብጠዋል። እንደዚህ አይነት እቃ በ"ፌክ ነው" ተብሎ ሲጣል ማየት በጣም ያሳዝነኛል።

የሰሪውን ፊደል ስትፈልጉ ፊደሉን ብቻ ሳይሆን የክፈፉን ቅርጽ፣ በመሃል ያለችውን ነጥብ፣ የአጻጻፉን ስታይል ሁሉ አመሳክሩ፣ ምክንያቱም አንድ አይነት ፊደል የተጠቀሙ ብዙ ናቸው። የለንደኗ ብር አንጥረኛ ሄስተር ቤትማን ለምሳሌ በ1761 ያስመዘገበችው ኤች ቢ በእጅ ጽሁፍ አይነት የተቀጠለ ነው፣ ቀጥ ባለ ፊደል ከሆነ ሌላ ሰው ነው። ምልክቱ ደግሞ ያስመዘገበውን ነው የሚነግራችሁ፣ በእጁ የሰራው ሌላ ሰራተኛ ሊሆን ይችላል።

በመጨረሻ እቃውን ራሱን መርምሩ። የማንኪያው ሆድ ጠረጴዛ የሚነካበት ቦታና የሹካው ጥርስ ጫፍ ቶሎ ያልቃሉ፣ እዛ ላይ ቢጫ ወይም ሌላ ቀለም ብቅ ካለ ቅብ ነው። ማህተሙ አካባቢ ትንፋሽ እፍ በሉበት፣ ከሌላ እቃ ተቆርጦ የተበየደ ከሆነ የብየዳው መስመር ለቅጽበት ሊታይ ይችላል። ከማንኪያ ተቀጥቅጦ የተሰራ ሹካም አለ፣ የጥርሶቹን ውፍረት ከእውነተኛ ሹካ ጋር አስተያዩ፣ ከሳሱ ጠርጥሩ። አሲድ ግን ራሳችሁ አታፍስሱበት፣ እድፍ ይተዋል፣ እቃውን ሳይነካ በኤክስሬይ የሚለካ መሳሪያ ያለው ባለሙያ ጋ ውሰዱት።