የውሃ ታንከር ማማ በንፋስ ሲወዛወዝ፦ ችግርና መፍትሄ

የየካቲትና የመጋቢት ንፋስ ሲነሳ ከኮዬ ፈጬም ከቱሉ ዲምቱም የሚደወልልኝ በአንድ ጉዳይ ነው፦ «ታንከሩ ሊወድቅብን ነው።» ዳዶ ማጥበቁንና ዝገት ማየቱን ጨርሳችኋል ብዬ ልቀጥል።

ምልክት፦ ማማው እንዳለ ወደ ጎን ሄዶ ይመለሳል፤ እግሮቹ ግን ከመሬት አልተነቀሉም።

ምክንያት፦ ሰያፍ ብረት የለውም። የማየው ሁሉ ማለት ይቻላል ይሄው ነው። አራት እግርና አግዳሚ ብቻ ሲበየድ አራት ማዕዘን ይሆናል፤ አራት ማዕዘን ሲገፉት ይዛነፋል። ሶስት ማዕዘን ግን ብረቱ ካልታጠፈ ወይም ካልተበጠሰ ቅርፁን አይለቅም። በያጁ ይህን ትቶ «እግሩን እናወፍረው» ይላል፤ ባለቤቱም ይከፍላል!

መፍትሄ፦ በአራቱም ጎን አንግል ብረት በኤክስ በይዱ። ሁለት ጎን አይበቃም። ጫፉ እግሩና አግዳሚው በሚገናኙበት ላይ ይረፍ፤ እግሩ ወገብ ላይ ካሳረፋችሁት ያጎብጠዋል። ነጥብ ነጥብ አድርጎ መሄድ ብየዳ አይባልም። ታንከሩን ሳታወርዱ አትጀምሩ፤ ፍንጣሪ ፕላስቲኩን ይበሳዋል። ሙሉ ታንከር ስር ቆሞ የሚበይድ ሰው ደግሞ አይቻለሁ። 2,000 ሊትር ማለት 2 ቶን ነው።

አንድ ደንበኛ ባጃጅ ላስገባ ብሎ የታችኛውን ኤክስ በግራይንደር አስቆረጠው። መጋቢት ላይ ማማው እዚያው ቦታ ታጥፎ ታንከሩ የጎረቤት ኩሽና ጣሪያ ላይ አረፈ። የላይኛው ኤክስ ምንም አልሆነም። ምድር ቤቱ ለሱቅ ተብሎ ግድግዳው የተወገደለት ፎቅም የሚደክመው እዚያው ታች ነው።

የሰፈር በያጅን ብቻ አልወቅስም። በኒውዮርክ የሲቲኮርፕ 59 ፎቅ ህንፃ የሰያፍ ብረቶቹ መጋጠሚያ በብየዳ ፈንታ በቡሎን ታስሮ፣ ማዕዘኑን ለሚመታ ንፋስ እንደማይበቃ ስለታወቀ፣ በ1978 እ.ኤ.አ. በያጆች ሌሊት ሌሊት እየገቡ ወፍራም ብረት ደርበውበታል።

ምልክት፦ አንዱ እግር ከኮንክሪቱ ብድግ ይላል።

ምክንያቱ ባዶ ታንከር ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ታንከሩ ሲደርቅ ክብደቱ ይጠፋል፤ የንፋሱ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። እግሮቹን ኮንክሪት ውስጥ በተቀበረ ቡሎን እሰሩ፤ ታንከሩንም ከማማው ጋር። ድንጋይ መደገፍ መፍትሄ አይደለም።

ምልክት፦ ማማው በየክረምቱ ትንሽ ትንሽ ያዘነብላል። መረሬ አፈር ነው፤ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ብየዳ አያድነውም፤ መሰረቱ ይቆፈር።

ምልክት፦ ግማሽ የሞላ ታንከር ውስጥ ውሃው ይናጣል። «ውሃው ማማውን ያረጋጋዋል» የሚሉ አሉ። በረጃጅም ህንፃዎች አናት ላይ ውሃው ከህንፃው በተቃራኒ እንዲናጥ ታስቦ የሚሰራ ታንከር በእርግጥ አለ፤ 508 ሜትር ያለው ታይፔ 101 ደግሞ ለዚሁ ስራ 660 ቶን የሚመዝን የብረት ኳስ ተንጠልጥሎለታል። ክብደቱና የመወዛወዣ ጊዜው ግን ከህንፃው ጋር ተሰልቶ ነው። የእናንተን ማንም አላሰላውም፤ ኤክሱን አስበይዱ።