ለጡረታ ዘመን ጉዞ ትንሽ ካሜራ እንዴት ይመረጣል?

ደሴ ዕድሜውን ሙሉ ኖሮ ላሊበላን ያላየ ሰው አለ። ሥራ ላይ እያሉ መስከረም 21 ግሸን ለመውጣት ፈቃድ መጠየቁ ራሱ ጣጣ ነበር። ጡረታ ሲወጡ ግን ጊዜው የራስዎ ነው። ታዲያ ውጭ ያለው ልጅ ደውሎ «ምን ላምጣልዎ?» ሲል «ትንሽዬ ካሜራ» ማለት ያምራል። ችግሩ፣ «ካሜራ» ብቻ ከተባለ ልጁ ሻጩ ያቀበለውን ገዝቶ ይመጣል። ስለዚህ ከመልስዎ በፊት ትንሽ የቤት ሥራ አለ።

1. መጀመሪያ የስልክዎን የተበላሹ ፎቶዎች ይዩ

ካሜራ ማየቱን ለጊዜው ይተዉት። ስልክዎን ይክፈቱና ያልወደዷቸውን ፎቶዎች ይፈልጉ። ለምን ተበላሹ? ሐይቅ ላይ ያዩት ወፍ ነጭ ነጥብ ብቻ ሆኖ ቀርቷል? ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያነሱት ደብዝዟል? ወይስ ፀሐይ ላይ ስክሪኑ አልታይ ብሎ የሰው ጭንቅላት ቆረጡ? ሦስቱም የተለያየ ካሜራ ይፈልጋሉ።

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ደህና ዘመናዊ ስልክ ያለው ሰው ለሰፊ እይታም ሆነ ለምሽት ፎቶ ካሜራ ላያስፈልገው ይችላል። ስልኩ በጨለማ ብዙ ፎቶ በተከታታይ አንስቶ ራሱ ያዋህዳል፤ ብዙ ትንንሽ ካሜራዎች ይህን አያደርጉም። ስልክ የሚሸነፈው በአብዛኛው ሩቅ ያለን ነገር ሲያቀርብ ነው። እኔ ካሜራ መግዛት ያለብን ስልኩ ለማይችለው ነገር ነው ባይ ነኝ። ስልኩ የሚችለውን ለመድገም ገንዘብ ማውጣት ምን ይሉታል?

2. ዙሙን በልክ ያድርጉት

በዝርዝር መግለጫው ላይ «24–200 ሚሜ» የሚመስል ቁጥር ያገኛሉ። ግራ ያለው ትንሽ ሲሆን ሰፊ ቦታ ይይዛል። ቤተ ጊዮርጊስ ከአለቱ ወደ ታች የተፈለፈለ ነው፤ ጉድጓዱ ውስጥ ወርደው ሲያነሱት ወደ ኋላ መሸሻ የለም። እዚያ 24 ያድናል፣ 28 ያጥራል። ቀኝ ያለው ትልቅ ሲሆን ሩቁን ያቀርባል። የገና ዕለት ቤተ ማርያም ላይ «ቤዛ ኩሉ» ሲባል ከላይ አለቱ ጫፍ የቆሙትን ካህናት ከሕዝቡ መሀል ሆነው ለማንሳት 200 በቂ ነው። አቡነ ዮሴፍ ተራራ ላይ ለጭላዳ ዝንጀሮም ይሠራል። ቀይ ቀበሮ ከገጠመዎት ግን 200 ያንስብዎታል።

«ታዲያ 700፣ 900 ያለውን አልገዛም?» ይሉ ይሆናል። ኪስ ውስጥ የሚገባ እንዲህ ያለ ካሜራ አለ። ግን ብርሃን የሚቀበለው ሴንሰር በጣም ትንሽ ነው። በዝርዝሩ ላይ «1/2.3 ኢንች» ይላል። «1 ኢንች» የሚባለው 13.2 በ8.8 ሚሊሜትር ሲሆን፣ ስፋቱ የትንሹን 4 እጥፍ ያህላል። ባቲ ገበያ በጠራራ ፀሐይ ልዩነቱ ብዙም አይታይም። ይምርሐነ ክርስቶስ ዋሻ ውስጥ ሲገቡ ግን የትንሹ ሴንሰር ፎቶ ጤፍ የተበተነበት ይመስላል። ስለዚህ 1 ኢንች ይበሉ፣ አይደራደሩ። «ዲጂታል ዙም» የሚለውን ደግሞ ከነጭራሹ አይቁጠሩት፤ ፎቶውን ቆርጦ ከማስፋት የተለየ ሥራ የለውም። ሜጋፒክስልም አያስጨንቅዎ፣ 20 ካለው ይተርፋል።

3. በሌንሱ ዙሪያ የተጻፈውን ያንብቡ

መነጽርዎን ያድርጉና የሌንሱን ፊት ይዩ። ዙሪያውን በደቃቅ ፊደል «2.8-4.5» የሚመስል ነገር ተጽፏል። ይህ ሌንሱ ምን ያህል ብርሃን እንደሚያስገባ የሚናገር ቁጥር ነው፤ ሲያንስ ይሻላል። 2.8 ከ5.6 ይልቅ 4 እጥፍ ብርሃን ያስገባል። ዙም በጨመረ ቁጥር ይህ ቁጥር ከፍ ማለቱ አይቀርም። ሁሉንም በአንድ ትንሽ ዕቃ ማግኘት አይቻልም፤ ለዚህ ነው ከስልክዎ የጀመርነው።

4. ዓይንና እጅ

ሻጮች ስለዚህ አያወሩም፤ ለእኛ ዕድሜ ግን ዋናው ጉዳይ ይህ ነው። ቪውፋይንደር ያለውን ይምረጡ፤ ማለትም ዓይን አስጠግተው የሚያዩበት መስኮት ያለውን። ፀሐይ ስክሪኑን ብታጠፋውም በእሱ ይታያል። ሌላም ጥቅም አለው። ካሜራው ግንባርዎ ላይ ያርፋል፣ ክርንዎ ጎንዎ ላይ ይጠጋል፣ የእጅ መንቀጥቀጥ ይቀንሳል።

ከመስኮቱ አጠገብ ትንሽዬ መዘውር ወይም መግፊያ ትኖራለች፤ ለዓይን ማስተካከያ ናት። ውስጥ የሚታየው ጽሑፍ ጥርት እስኪል ያንቀሳቅሷት። ሳይነኳት «ካሜራው ደብዛዛ ነው» ብሎ ማማረር ያለ ነው።

ከተቻለ በእጅ ይዘው ይሞክሩ። ቁልፎቹ ለጣትዎ ይበቃሉ? አካሉ ያንሸራትታል? ክብደቱ ከ300 እስከ 350 ግራም ከሆነ የግሸንን አቀበት ሲወጡ አይከብድም። የእጅ ማሰሪያው ግን አይረሳ።

5. ለልጁ የሚላከው ስም

ብዙ ዙምና ቀላል አያያዝ ለሚፈልግ ፓናሶኒክ ሉሚክስ ቲ ዜድ 200 ጥሩ ነው። በ2018 (በፈረንጅ) የወጣ ሲሆን 24–360 ነው፤ አሜሪካ ዜድ ኤስ 200 ይባላል። በጨለማ ግን ይደክማል፣ ሌንሱ ከ3.3 ይጀምራል። ሶኒ አር ኤክስ 100 ማርክ 7 (2019) 24–200 ሆኖ ከ2.8 ይጀምራል። መሀለኛው መንገድ እሱ ነው፤ ግን ውድ ነው፣ አካሉም ያንሸራትታል። ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ ውስጡን ማንሳት ለሚወድ የዚሁ የሶኒ ማርክ 3 (2014) ከ1.8 ይጀምራል። ዙሙ 70 ላይ ያበቃል። ካኖን ጂ 7 ኤክስ ማርክ 3 በወጣቶች ዘንድ ዝነኛ ነው፣ ቪውፋይንደር ግን የለውም፤ እኔ አልመክረውም።

ከካኖኑ በፊት የጠቀስኳቸው ሦስቱም 1 ኢንች ሴንሰር፣ ሦስቱም ቪውፋይንደር አላቸው። ያገለገለ ከሆነ ልጁ አብርቶ አጥፍቶ ሌንሱ ያለ ድምፅ መውጣት መግባቱን ይይ። ሰማይ ያንሳና ጥቁር ነጠብጣብ ይፈልግ። ሌንሱ አይፈታም፤ ውስጡ የገባ አቧራ በጨርቅ አይወጣም። በዚሁ ምክንያት ባቲ መንገድ ላይ አቧራ ሲነሳ ካሜራውን አጥፍተው ቦርሳ ውስጥ ይክተቱት።

6. የሚጨመሩ ዕቃዎች

ሁለተኛ ባትሪ ግድ ነው። የሶኒው ማርክ 7 በአንድ ቻርጅ ወደ 250 ፎቶ ነው የሚያነሳው፤ መብራት መቼ እንደሚጠፋ ደግሞ አይታወቅም። ደጋ ላይ ብርዱ ባትሪ ይጨርሳልና ትርፉን ደረት ኪስ ያድርጉት። በአውሮፕላን ሲሄዱ ትርፍ ባትሪ በእጅ ቦርሳ እንጂ በሚጫነው ሻንጣ አይገባም። 32 ጊጋ ሚሞሪ ከ3,000 በላይ ፎቶ ይይዛል። መንገድ ዳር የሚሸጠውን ርካሽ ካርድ አይመኑ።

7. ከመጀመሪያው ጉዞ በፊት

ሰዓትና ቀን ይሙሉ። ካሜራው የሚያውቀው የፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ታኅሣሥ 29ን ጃንዋሪ 7 ብሎ ይመዘግባል። ፍላሹን ያጥፉ። ከጥቂት ሜትር አያልፍም፣ የሚያስቀድሰውን ሰው ግን ያውካል። የሹተሩን ፍጥነት፣ ማለትም ካሜራው ለአንድ ፎቶ ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ፣ ዝቅተኛ ገደብ 1/125 ሰከንድ ማድረግ ከተቻለ ያድርጉት፤ የሚራመድ ሰው አይደበዝዝም።

ከዚያ አንድ ሰኞ ባቲ ወርደው ገበያው ላይ ይሞክሩት። ሰው ከማንሳትዎ በፊት ያስፈቅዱ፤ እምቢ ካሉ አብሽሩ፣ ሌላ ይገኛል። ማታ ፎቶዎቹን ወደ ስልክ ወይም ወደ ኮምፒውተር ይገልብጡ። ገልብጠው መክፈታቸውን ሳያረጋግጡ ካርዱን አያጥፉት።